ያልጠየቅነው ፖስታ፦ 26 ዓመት ፖስታ ካደለ ሰው ጋር ጥያቄና መልስ

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ 26 ዓመት ፖስታ ሳድል ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት፣ እናቷ ማስታወቂያን ቢል (የክፍያ መጠየቂያ) መስሏቸው ከ100 ዶላር በላይ እንደከፈሉ ከጻፈች ወዲህ ብዙ ሰው ለብቻ እየጠየቀኝ ስለሆነ ሁሉንም እዚህ ልመልስ። ጠበቃ አይደለሁም። የማውቀው የአሜሪካን የወረቀት ፖስታ ነው፤ የስልኩንና የኢሜይሉን ነገር የሚያውቁት ይመልሱ።

ሳንጀምር አንድ ነገር ልበል። የሚያስደነግጥ ደብዳቤ ሲመጣ፣ ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ አትደውሉ። ባንክ ከሆነ ቁጥሩን ከካርዳችሁ ጀርባ፣ ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) ከሆነ ከካውንቲው ድረ ገጽ ራሳችሁ አውጡ።

ሰላም (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሼ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቤቱን ክሎዝ ካደረግን (ግዢውን ከጨረስን) ሁለት ወር ሳይሞላ ነው የመጣው። ንስር የመሰለ ማኅተም አለው። የእናቴ ስም፣ የቤቱ አድራሻ፣ የገዛንበት ቀን፣ ሁሉም ልክ ነው። የዲዱን (የቤቱን የባለቤትነት ሰነድ) ቅጂ እንልክልዎታለን ይላል፣ ከታች የመክፈያ ቀን አለው። ይህን ሁሉ ከየት አገኙት? እንዴትስ ሕጋዊ ይሆናል?

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ ሰላም፣ እናትሽን አይዞዎት በይልኝ። እኔ ራሴ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በየሳምንቱ አድያለሁ፤ አንድ መንገድ ላይ አዲስ ቤት የተገዛ እንደሆነ ገና ከፖስታው ክምር አውቀው ነበር።

ከየት አገኙት ላልሽው፣ የቤት ሽያጭ የሕዝብ መዝገብ ነው። ካውንቲው ይመዘግባል፣ ድርጅቶቹ ከዚያ ይገለብጡና በስም ይልካሉ። ዲዱ ቀድሞ ተመዝግቧል፤ ቅጂ ያስፈለገው ሰው ከካውንቲው በጥቂት ዶላር ያገኛል። ሜሪላንድ ውስጥማ የመሬት መዝገቡን በነጻ ኢንተርኔት ላይ ማየት ይቻላል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የፌዴራሉ የፖስታ ሕግ ቁጥር 3001 ቢል የሚመስል ማስታወቂያ ቢል አለመሆኑን በግልጽ መናገር አለበት ይላል። የፖስታ ቤቱ መመሪያ ደግሞ ቃሉን ሳይቀር ወስኖታል፦ ይህ ቢል አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው፣ ካልተስማሙበት በቀር የመክፈል ግዴታ የለብዎትም። ጽሑፉ በፊት ገጹ ላይ፣ ከመደቡ ቀለም በሚለይ ቀለም፣ ከ30 ነጥብ ባላነሰ ፊደል መሆን አለበት። 30 ነጥብ ማለት ከተለመደው የደብዳቤ ፊደል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የ1999ኙ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የአታላይ ፖስታ መከላከያ ሕግ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚመስሉትና የሽልማት ዕጣ በሚልኩት ላይ ደንቡን አጥብቋል። የመንግሥት መልክ ይዞ የሚመጣ ደብዳቤ መንግሥት እንዳልላከውና እንዳልደገፈው መጻፍ አለበት። ይህን ያላሟላ ደብዳቤ በፖስታ መሄድ አይፈቀድለትም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያበግነኝ ግን ሌላ ነው። ዓረፍተ ነገሯ በደንቡ ከተጻፈች ደብዳቤው በዚህ ሕግ አይያዝም ማለት ነው። ይህ ሕግ ለሰው የሰጠው ጥበቃ በሙሉ አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ናት። እናቶቻችን ደግሞ ከእንግሊዝኛው የሚለዩት ስማቸውን፣ የዶላሩን ምልክትና ቀኑን ነው። በኔ መንገድ ላይ ብዙ አገር ሰዎች የሚኖሩበት የአዛውንት ሕንፃ ነበር። ወረቀት ይዘው ሎቢ ውስጥ ይጠብቁኝ ነበር፣ ‹‹ልጄ፣ ይሄ ይከፈላል?›› እያሉ። ስንቱን አይከፈልም ብያለሁ። እኔ እረፍት ላይ ስሆን ማን ይላቸዋል?

ሰላም፣ ወረቀቱ ካለሽ ዓረፍተ ነገሯ የት እንዳለችና ምን ያህል እንደምትተልቅ አይተሽ ጻፊልኝ። ፖስታውንም እንዳትጥዪው።

አብርሽ (ዳላስ)፦ ጋሼ፣ ሁሉንም ጃንክ ሜይል (ያልጠየቅነውን የማስታወቂያ ፖስታ) ባንዴ የሚያስቆም ነገር የለም?

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ የለም። ለስልክ ከ2003 ጀምሮ አትደውሉብኝ የሚባል የፌዴራል መዝገብ አለ፤ ለፖስታ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። በ2007 አካባቢ በርካታ ክፍላተ ሀገር ረቂቅ አቅርበው ነበር፣ አንዱም አልጸደቀም። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፖስታ ቤቱ በአመዛኙ የሚተዳደረው በቴምብር ገቢ እንጂ በግብር አይደለም። በ2023 የበጀት ዓመት ብቻ ወደ 60 ቢሊዮን የሚጠጋ የማስታወቂያ ፖስታ አድለናል፣ ገቢውም ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን በር ለየብቻ ነው የምትዘጋው።

ሄለን፦ እኔን ያስቸገረኝ የክሬዲት ካርድ ነው። ተፈቅዶልዎታል የሚል ፖስታ በሳምንት አራት አምስት ይመጣል። አንድም ቀን አመልክቼ አላውቅም።

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ ሄለን፣ ከሁሉም በር ዋናው ይህ ነው፤ ሌሎቻችሁም ይህን ብቻ ብታነቡ ይበቃችኋል።

የክሬዲት መዝገባችሁን (ብድር እንዴት እንደምትከፍሉ የሚያሳየውን) የሚይዙት ድርጅቶች፣ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያን፣ ትራንስዩኒየንና ኢኖቪስ፣ ስማችሁን ለባንኮችና ለኢንሹራንስ ድርጅቶች በዝርዝር ይሸጣሉ። ባንኩ እንዲህ ያለ የክሬዲት ነጥብ ያላቸውን ሰዎች አውጡልኝ ይላል፣ ዝርዝሩ ይሰጠዋል፣ ደብዳቤው ይመጣል። ሕጉ የሚፈቅድላቸው ቁርጥ ያለ የብድር ግብዣ እስካቀረቡ ድረስ ነው። ቁርጥ ያለ ይባል እንጂ፣ አመልክታችሁ መስፈርቱን ሳታሟሉ ብትገኙ ይከለክሏችኋል። ይህ ምርመራ ነጥባችሁን አይቀንስም፣ ከዝርዝሩ መውጣትም አይቀንሰውም። ይህን ጥያቄ ማንም ደግሞ እንዳይጠይቀኝ።

ለመውጣት በ1-888-567-8688 ትደውላላችሁ፣ ወይም ኦፕት አውት ፕሪስክሪን ዶት ኮም (optoutprescreen.com) ትገባላችሁ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ስትወጡ ለ5 ዓመት ነው። ለዘለቄታው ከሆነ ቅጹን አትማችሁ፣ ፈርማችሁ በፖስታ መላክ አለባችሁ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያደርግና ወረቀቱን ሳይልክ ይቀራል፣ ከ5 ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣበታል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የልደት ቀን ይጠይቋችኋል፤ ስልኩን ግን ከዚህ ገጽ አይታችሁ ብቻ አትደውሉ፣ ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ድረ ገጽ አመሳክሩ። እኔን ያላመናችሁትን ያህል ደብዳቤውንም አትመኑ። ከወጣችሁ በኋላ የተወሰኑ ሳምንታት ቀድሞ የታተመው መምጣቱ አይቀርም፣ አልሠራም ብላችሁ አትመለሱብኝ።

ይህን ያህል የማከርረው ወረቀቱ ስለሚያሰለች አይደለም። አፓርትመንት ውስጥ ሰው ስሙና አድራሻው ያለበትን የካርድ ግብዣ ሳይቀድ ሎቢው ቅርጫት ውስጥ ጥሎ ይወጣል። ሌላው ያነሣውና በሱ ስም ያመለክታል። ቀዳችሁ ጣሉ።

ኪዳኔ፦ ጋሼ ሰላም ነህ? ይሄ ጃንክ ሜይል ግን እንዴት ነው የሚቆመው?

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ የቱ? የካርዱ? የካታሎጉ? የኩፖኑ? አብርሽ የጠየቀውን አንብብና ደብዳቤው ከማን እንደመጣ ጽፈህ ተመለስ።

ኪዳኔ፦ ሁሉም ነው ያስቸገረኝ።

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ እንግዲያውስ ከላይ ጀምረህ አንብብ።

ባለ ሬስቶራንቱ፦ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልበል። እኔ እዚሁ አካባቢ ትንሽ ሬስቶራንት አለኝ። ስከፍት በራፍ በራፉ የሚታደለውን ካርድ አሳትሜ ልኬ ነው ደንበኛ ያገኘሁት። ሁላችሁም ቆሻሻ ቆሻሻ ትላላችሁ፣ እኔ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የማስነግርበት ገንዘብ የለኝም።

ትርሲት (አሌክሳንድሪያ)፦ ወንድሜ፣ የአንተ አንድ ካርድ ነው፤ የኔ ሳጥን ግን ከሞላ የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ይጠፋብኛል። ባለፈው የአሻራ ቀጠሮዬን ከሱፐርማርኬት ወረቀት መሃል ነው ያገኘሁት፣ አንድ ቀን ሲቀረው።

ባለ ሬስቶራንቱ፦ እሱ የኔ ጥፋት ነው?

ትርሲት፦ የአንተ ነው አላልኩም። ሳልጠይቅ ለምን ይላክልኛል ነው ያልኩት። እኔ ልፈልግህ፣ አንተ አትፈልገኝ።

ባለ ሬስቶራንቱ፦ እንዳለሁ ሳታውቂ እንዴት ትፈልጊኛለሽ?

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ እዚህ ላይ ይብቃ። ባለ ሬስቶራንቱ የሚለው ኤቭሪ ዶር ዳይሬክት ሜይል የሚባለው ነው፤ ፖስታ ቤቱ በ2011 የጀመረው። ስም የለውም፣ በአንድ መንገድ ላይ ላለ ሳጥን ሁሉ ይገባል። ስም ስለሌለው ከስም ዝርዝር መውጣት አያስቀረውም። ፖስተኛውን እኔ ጋ አታስገባ ብላችሁ አትለምኑት፤ የተከፈለበትን ፖስታ የጣለ ፖስተኛ በፌዴራል ወንጀል ይጠየቃል። ኩፖን በጥቅል የሚልኩት ድርጅቶች ግን አድራሻ የሚያስወጣ ገጽ በየድረ ገጻቸው አላቸው። ለካታሎግና ለሌላው በስም ለሚመጣው ዲ ኤም ኤ ቾይስ የሚባል የአስተዋዋቂዎቹ ማኅበር መዝገብ አለ፤ ጥቂት ዶላር ያስከፍላል፣ 10 ዓመት ያገለግላል። በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ስለሆነ ሁሉም ላኪ አያከብረውም።

ባለ ሬስቶራንት፣ አንተ ደግሞ በእጅህ ሳጥን ውስጥ እንዳታስገባ። የእድር፣ የቤተ ክርስቲያንና የኮንሰርት በራሪ ወረቀት የምታድሉም እንደዚሁ። ቴምብር ያልተከፈለበት ማስታወቂያ ሰው ሳጥን ውስጥ ማስገባት ያስቀጣል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1981 ሕጉን አጽንቶታል። በር ላይ አንጠልጥሉት።

ዮናስ (ፍራንክፈርት)፦ እኛ ጋ ሳጥኑ ላይ ማስታወቂያ አልፈልግም የሚል ወረቀት ይለጠፋል፣ አለቀ። የጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1988 ይከበር ብሎ ፈርዷል። አምስተርዳም ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ነገሩን ገልብጣዋለች፣ እፈልጋለሁ የሚል ካልለጠፍክ በቀር አድራሻ የሌለው ማስታወቂያ አይገባብህም። አሜሪካ ግን ለነጋዴ የተሠራ አገር ነው።

አብርሽ (ዳላስ)፦ እዚህ የመናገር ነጻነት አለ። ማስታወቂያም ንግግር ነው።

ዮናስ፦ የመናገር ነጻነት የኔን በር አይከፍትም።

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ ዮናስ፣ አሁን ያልከውን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ብሎታል፣ በ1970። ሰው ስለማያውቀው ዘርዘር ላድርገው።

ኮንግረስ በ1967 አንድ ሕግ አወጣ፣ የብልግና ማስታወቂያ በፖስታ የሚላክባቸው ቤተሰቦች ስላማረሩ። ሕጉ የብልግና ነው ብሎ የመወሰኑን ሥልጣን የሰጠው ለፖስታ ቤቱ ሳይሆን ለተቀባዩ ብቻ ነው። ላኪዎቹ የመናገር መብታችን ተነካ ብለው ከሰሱ። ሮዋን የሚባለው ጉዳይ ነው። ዋናው ዳኛ በርገር የጻፉት ፍርድ የላኪው መብት የማይፈልገው ሰው ሳጥን ደጃፍ ላይ ያበቃል የሚል ነው። ከዚያም አልፈው፣ ባለቤቱ የጨርቃ ጨርቅ ካታሎግ እንኳ አልፈልግም ካለ መከልከል ይችላል ብለዋል፤ ፖስታ ቤቱ ለምን ብሎ አይጠይቀውም።

ቅጹ ፎርም 1500 ይባላል። ከፖስታ ቤት ትወስዳላችሁ ወይም ከድረ ገጹ ታትማላችሁ፣ የመጣባችሁን ማስታወቂያ አያይዛችሁ ትሰጣላችሁ። ለላኪው ትእዛዝ ይደርሰዋል፣ ከደረሰው በ30ኛው ቀን ጀምሮ ሊልክባችሁ አይችልም፣ ስማችሁንም ከዝርዝሩ ማውጣት አለበት፣ ለሌላ መሸጥም ማከራየትም አይችልም። ከ19 ዓመት በታች ያሉ አብረዋችሁ የሚኖሩ ልጆችን ስም መጨመር ይቻላል። ለአንድ ላኪ አንድ ቅጽ ነው፣ አድካሚነቱን አልክድም። ቅጹ ላይ የሚፈረመው ቃል ስለ ብልግና ስለሚናገር አንዳንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ይህማ ለሱፐርማርኬት አይሆንም ብሎ ይመልሳችሁ ይሆናል። መወሰኑ የናንተ እንጂ የሱ አይደለም፣ በትሕትና ተናገሩ፣ ግን ሳትሰጡ አትመለሱ። እኔ መስኮት ላይ በሠራሁበት ጊዜ ይህን ቅጽ የጠየቀኝ ሐበሻ አንድ ሰው ብቻ ነው።

መሠረት (ሪሾን ለጺዮን)፦ እስራኤል ውስጥ ከ2008 ጀምሮ ሳትፈቅድ ማስታወቂያ በኤስኤምኤስ ወይም በኢሜይል የላከብህን ከሰህ ጉዳት ማስረዳት ሳያስፈልግህ ለአንድ መልእክት እስከ 1,000 ሼቄል መቀበል ትችላለህ። ጎረቤቴ ተቀብላለች። እዚያስ?

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ ጥሩ ሕግ ነው። ለወረቀት እዚህ እንዲህ ያለ የለም። ኢሜይል የኔ አይደለም ብያለሁ።

ዮናስ፦ ስለ ኢሜይል ካነሣን፣ ኢንተርኔት ላይ መጀመሪያ ስማቸው ከገነነው የንግድ ስፓሞች (በጅምላ ከሚበተኑ ማስታወቂያዎች) አንዱ የዲቪ ማስታወቂያ እንደነበር ታውቃላችሁ? በ1994 ሚያዝያ ካንተርና ሲግል የሚባሉ የአሪዞና ባልና ሚስት ጠበቆች ዩዝኔት በሚባለው የኢንተርኔት መወያያ ላይ ከ5,000 በላይ የውይይት ቡድኖች ውስጥ ግሪን ካርድ እንሙላላችሁ የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። ያኔ በነጻ ይሞላ የነበረውን ነገር!

ትርሲት፦ እስከ ዛሬም ያው ነው። አጎቴ አዲስ አበባ ሆኖ ዲቪ ደርሶሃል የሚል ደብዳቤ በፖስታ ሳጥኑ ደርሶት ገንዘብ ሊልክ ሲል ነው ያስቆምነው።

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ ይህ የኔም ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲቪ ደርሶሃል ብሎ ደብዳቤ አይልክም። ባመለከታችሁበት የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ፣ በማረጋገጫ ቁጥራችሁ፣ ራሳችሁ ገብታችሁ ነው የምታዩት። ደብዳቤ ከመጣ ውሸት ነው። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክም አትደውሉ።

ኪዳኔ፦ ኢትዮጵያ ያለው የአጭር ቁጥር መልእክትስ? ቤተሰቦቼ ካርዳቸው እየተቆረጠ ነው።

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ እሱን አላውቅም። የሚያውቅ ይመልስልህ።

እትዬ ወርቅነሽ፦ ልጄ፣ ለኔ ደግሞ ያላዘዝኩት ዕቃ መጣልኝ። የአንገት ጌጥና የስም ተለጣፊ ወረቀት ከምስል ጋር። ካልከፈልኩ ያስከስሰኛል ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ እትዬ፣ እንቅልፍዎን ይተኙ። የፖስታ ሕጉ ቁጥር 3009 ያላዘዙት ዕቃ በስምዎ ከተላከልዎ ስጦታ ነው ይላል። ሊያስቀምጡት፣ ሊጠቀሙበት፣ ሊጥሉት ይችላሉ። ቢል ሊልኩብዎ አይችሉም። የበጎ አድራጎት ድርጅት የላከው ከሆነ ልመና ነው፣ ከፈቀዱ ይሰጣሉ፣ ካልፈቀዱ ምንም የለብዎትም። የጎረቤት ስም ያለበት ዕቃ በስህተት ቢገባ ግን ለባለቤቱ ይመለሳል፣ እሱ ስጦታ አይደለም።

ዘር ከመጣልዎ አይትከሉት፤ በ2020 ለብዙ ሰው ከውጭ አገር ያልታዘዘ ዘር ተልኮ የእርሻ ሚኒስቴሩ አትትከሉ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ዕቃው ላይ በስልክ የሚነሣ ባለ አራት ማዕዘን ኮድ ካለም አያንሡት።

እትዬ ወርቅነሽ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላው የሜዲኬር (የአዛውንቶች የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ) ወረቀት ነው፣ በመስከረምና በጥቅምት ይጎርፋል። የመንግሥት መስሎኝ አንዱን ሞልቼ ልልክ ነበር።

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ አይላኩ። የሜዲኬር ዕቅድ የሚመረጥበት ጊዜ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው፤ ወረቀቱ የሚበዛው ለዚህ ነው። አብዛኛው የግል ኢንሹራንስ ነው። በፖስታ መላክ ይፈቀድላቸዋል፤ ሳይጠሯቸው መደወልና በር ማንኳኳት ግን የተከለከለ ነው። ቅጹን ሞልተው ሲልኩ ደውሉልኝ ብለው ፈቀዱ ማለት ነው፣ የሚፈልጉትም እሱን ነው። መጠየቅ ከፈለጉ 1-800-633-4227 የሜዲኬር የራሱ ስልክ ነው፣ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ አይደውሉ።

አዲስ ገቢ፦ ስላም ጋሼ፣ ከክሬዲት ዝርዝሩ ብወጣ ነጥቤ ይቀንሳል?

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ አይቀንስም። ለሄለን ጽፌዋለሁ፣ ማንም እንዳይደግመውም ለምኛለሁ።

ባለ ሬስቶራንቱ፦ የመኪና ዋራንቲ (ዋስትና) ግዙ የሚለው የማያቋርጥ ስልክስ?

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ ስልክ ነው። የአትደውሉብኝ መዝገብ 1-888-382-1222። አታላዩን ግን መዝገቡ አይመልሰውም፣ ስልኩን አታንሣ።

ሰላም (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ጋሼ፣ ወረቀቱን አገኘሁት። ዓረፍተ ነገሯ አለች፤ ግን ከጀርባ ናት፣ ከታች፣ በግራጫ ቀለም። በማስመሪያ ለካሁት፣ ፊደሉ ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ፊት ለፊቱ ላይ ‹‹የሚከፈል›› የሚለው ግን በጥቁር ትልቅ ነው።

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ ደንቡ የሚለው እንዲህ አይደለም። ፊት ለፊት፣ ከ30 ነጥብ ያላነሰ ነው። አሁን እንዲህ አድርጊ፦ ፖስታውንና ወረቀቱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሺ፣ የፖስታው ማኅተም ቀን ይታይ። በፖስታ ምርመራ አገልግሎቱ ድረ ገጽ ላይ አቤቱታ ሙዪ፣ ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍልም ላኪ። እናትሽ በቼክ ከፍለው ከሆነና ካልተመነዘረ ዛሬውኑ ባንክ ደውለሽ አስቁሚ፤ በካርድ ከሆነ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውለሽ ክፍያውን እንቃወማለን በያቸው። ኦሪጂናሉን ለማንም አትስጪ፣ ቅጂ ብቻ።

ሰላም፦ በቼክ ነው። ማክሰኞ ነው የላከችው። አሁን ወደ ባንኩ ልደውልላት።

የሰፈሩ ፖስተኛ፦ ደውዪ። እኔ እዚሁ ነኝ።